«ታይፎይድ ነው» ብለን የምንሸኛቸው፦ ትኩሳት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ወረቀቷን በሩቁ አውቃታለሁ። መዳፍ የምታክል ናት። ከላይ የክሊኒኩ ማኅተም፣ መሀል ላይ «ኦ 1:160፣ ኤች 1:80፣ ኦኤክስ 19 1:160» ይላል። ግርጌው ላይ በእስክሪብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ተጽፏል።

አንድ የጎጃም ልጅ እንዲህ ያሉ ሦስት ወረቀቶች ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። ሦስቱም ከተለያየ ክሊኒክ ናቸው። ሦስቱም ጋ መድኃኒት ተሰጥቶታል። ትኩሳቱ ግን ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ።

«ከመታመምህ በፊት የት ነበርክ?» አልኩት።

«መተማ። ሰሊጥ አጨዳ።»

አልጋ ላይ አስተኝቼ ሆዱን ዳሰስኩት። ጣፊያው እምብርቱ ጋ ደርሷል። ካላዛር ነበር። ማታ ማታ በምትነክስ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ልጆች ይዘውት ይመለሳሉ። በጣት ደም የሚሠራ ምርመራ አለው። መድኃኒትም አለው፣ 17 ቀን የሚወጋ። ልጁ ድኖ ሄዷል። ግን ሁለት ወር ሙሉ ሆዱን የነካው ሰው አልነበረም። የነካነው ወረቀቱን ነው።

ዊዳልን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማንበብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው።

የታይፎይዱ ምርመራ፣ ወረቀቷ ላይ ኦ እና ኤች የተባለው፣ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ፈርናንድ ዊዳል ካወጣው ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከደምህ ላይ የጠለለውን ፈሳሽ አንድ ጠብታ፣ ቀለም ከተነከረ የሞተ ጀርም ጋር ስላይድ ላይ ያዋህዱታል። ስላይዱን ወዝወዝ ያደርጉታል። ፍርፍር ካለ «ፖዘቲቭ» ነው። ፍርፍር አለ ማለት ደምህ ይህን ጀርም፣ ወይም እሱን የሚመስል ሌላ ነገር፣ አንድ ቀን አግኝቶት ያውቃል ማለት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ክትባት ሊሆን ይችላል። ወባም ሊያሳስተው ይችላል። ታይፎይድ በሚዘዋወርበት አገር ጤነኛ ሰው አሰልፈህ ብትመረምር ፍርፍር የሚል አታጣም። ትርጉም የሚኖረው ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ተደግሞ ቁጥሩ አራት እጥፍ ሲጨምር ነው። ሁለተኛውን ናሙና ሊያሰጥ ተመልሶ የመጣ ታካሚ እስካሁን አልገጠመኝም። ተመለስ ያለውም ሐኪም አልገጠመኝም።

የታይፈሱ ይብሳል። ወረቀቷ ላይ ኦኤክስ 19 የተባለው ነው። ቫይል-ፌሊክስ ይባላል፣ ከ1916 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው። ውስጡ የታይፈስ ጀርም የለም። ያለው ፕሮቲየስ ነው፤ የሽንት ቧንቧ የሚያሳምመው ባክቴሪያ። ላይ ላዩን የታይፈስን ጀርም ስለሚመስል ብቻ ነው የምንገለገልበት። ስለዚህ ሽንቱን የሚያቃጥለው ሰው መጥቶ «ታይፈስ» ተብሎ ቢሄድ አይግረምህ።

ለምን እንደምናዝዘው አውቃለሁ። ታካሚው ገንዘብ ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ደም ሰጥቶ «ምንም አልተገኘብህም» ሲባል ይናደዳል። «ሐኪሙ አላወቀልኝም» ብሎ ሌላ ዘንድ ይሄዳል። ወረቀቷ ሁሉንም ታስታርቃለች። ታይፎይድ የለም እያልኩም አይደለም። አለ፣ አንጀት ይበሳል፣ ይገድላል። ማረጋገጫው ግን ደም ካልቸር ነው፤ ጀርሙን ከደሙ አብቅሎ ማየት። ናሙናው የሚወሰደውም አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ነው። ካልቸር የለህም? ይሁን፣ አክም። ግን ካርዱ ላይ «እገምታለሁ» ብለህ ጻፍ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልተነቃነቀ ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ከማዘዝህ በፊት ልብሱን አስወልቀህ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እየው። ጣፊያ፣ ንፍፊት፣ የልብ ድምፅ፣ ቆዳ። ከዚያ ደግሞ የት እንደነበረ ጠይቀው።

ፔኒሲሊኑን አስወግቶ ምሳ መሄድ

ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ክረምት ነው፣ አዲስ አበባ። የሃያ ዓመት ልጅ መጣ። ተሸካሚ ነው። ማታ ማታ በነፍስ ወከፍ እየተከፈለ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት ቤት ነው የሚተኛው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ነስር። ዓይኑ ቢጫ ብሏል። ምች መታኝ ብሎ ዳማከሴ ታሽቷል፤ ሽታው ይሸተኝ ነበር። የሸሚዙን ስፌት ገልበጥ ሳደርገው ቅማሉም ቅጫሙም እዚያው ነው።

የላብራቶሪው ሰውዬ «ዶክተር፣ ና እይ» አለኝ። በማይክሮስኮፑ አየሁ። በቀይ የደም ሴሎቹ መሀል ቀጫጭን ጥምዝምዝ ክሮች። ግርሻ ነው! ጀርሟ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ትባላለች፣ የምትተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። ሰውየው ሲያክ ቅማሏን ይጨፈልቃታል፣ ጀርሟ በተጫረው ቆዳ ትገባለች። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይቆይና ይተዋል፤ ዳነ ሲባል ያገረሻል፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን በዓይኔ በማየቴ ደስ ብሎኝ ፕሮኬይን ፔኒሲሊን አዝዤ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ልጁ ወለሉ ላይ ነበር። መርፌው ከተወጋ በኋላ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ሦስት ብርድ ልብስ ደረቡለት። ቀጥሎ ትኩሳቱ 41 ገባ። ከዚያ ሽንቴ መጣ ብሎ ተነሣ፣ ሁለት እርምጃ ሄደና ወደቀ። የደም ግፊቱ የላይኛው 60። ደም ሥሩ አልተከፈተም። ሲስተር፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ክንዱን አስረው ደም ሥር እየፈለጉ ቀና ብለው አዩኝ፦ «መስመር ሳታስከፍት ነው ይህን መርፌ ያዘዝከው?» መልስ አልነበረኝም። ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን ነው ያስገቡለት፣ ሳልነግራቸው። ማታ ላይ ግፊቱ ተመለሰ።

የሆነው ነገር ያሪሽ-ሄርክስሃይመር ይባላል፤ ስሙ ከበሽታው ይከብዳል። መድኃኒቱ ጀርሞቹን በአንድ ጊዜ ሲፈጃቸው ሰውነት በድንገት ይቆጣል። በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው የሚመጣው። ብዙዎች «አልፎ አልፎ የሚያጋጥም» እያሉ ያስተምሩታል። ግርሻ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ይህን ለመከላከል የተሞከረውን መድኃኒት ካላገኙት 29 ታካሚዎች 26ቱን ይዟቸዋል። አልፎ አልፎ የሚያየው፣ መርፌውን አዝዞ የሚሄድ ሰው ነው።

ስለዚህ መስመሩን ቀድመህ ክፈት። ፈሳሹ ተሰቅሎ ይጠብቅ። ግፊቱንና ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ለካ። ታካሚው ቢያንስ እስከ ማግስቱ አይነሣ፣ ሽንቱንም አልጋው ላይ ይሽና። የሰውነትን ቁጣ የሚያበርደውን ሃይድሮኮርቲዞን ቀድሜ ሰጥቻለሁና ይበቃል አትበል፣ አይከለክለውም። ቤተሰብ ሲደነግጥ «መርፌው ገደለው» ይላልና አስቀድመህ ንገራቸው። ልብሱንም አስቀቅልለት። ያለዚያ የዳነው ልጅ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል።

ውጭ አገር ላላችሁም አንድ ቃል። በ2015 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ ጣልያንና ሆላንድ ከአፍሪካ ቀንድ በመጡ ስደተኞች ላይ ይኸው በሽታ ታይቷል። ብዙ የአውሮፓ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አይቶት አያውቅም። አዲስ የመጣ ዘመድ ትኩሳት ይዞት ሆስፒታል ስትወስዱት፣ በየት በኩል እንደመጣና መንገድ ላይ እንዴት ያድር እንደነበር እናንተ ተናገሩለት።

ማጅራቱ እስኪገተር መጠበቅ

ማጅራት ገትርን የሚያሳስተን ስሙ ነው። ቤተሰብም፣ አንዳንዴም እኛ፣ አንገት ካልደረቀ አይደለም እንላለን። ጨቅላ ሕፃን ብዙ ጊዜ አንገቱ አይደርቅም። ጡት እምቢ ይላል፣ ሲያቅፉት ይብስ ያለቅሳል፣ እርግብግቢቱ ወደ ላይ ያብጣል። ሽማግሌም ላይደርቅ ይችላል፤ ይቀባዥራል፣ የገዛ ልጁን ስም ይስታል። «አርጅቶ ነው» ተብሎ ሁለት ቀን ቤት ይተኛል።

ሁለተኛው ጥፋት የእኛው ነው። የጀርባ ፈሳሽ እስኪቀዳ፣ ሲቲ ስካን እስኪነሣ፣ ብሩ እስኪሰበሰብ፣ አንቲባዮቲኩ፣ ሴፍትሪያክሶን፣ ብልቃጡ ውስጥ ይቆያል። ሲቲ ስካን መቅደም ያለበት ሰውነቱ በአንድ ጎን ለሰነፈ፣ እንደ ሚጥል በሽታ ላንቀጠቀጠው፣ ራሱን ለሳተ ነው። ለእሱም ቢሆን መድኃኒቱ አይጠብቅም። ደም ለካልቸር ቅዳ፣ መድኃኒቱን ስጥ፣ ከዚያ ፈሳሹን ቅዳ። ከሰዓታት በኋላ ቢቀዳም ነጭ የደም ሴሉ፣ ፕሮቲኑና ስኳሩ ብዙ ይናገራሉ።

«የጀርባ ውሃ የተወሰደበት ሰው አይተርፍም» የሚሉ እናቶች አሉ። አልስቅባቸውም። ያዩት እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንቀዳው ሰውየው ካለቀለት በኋላ ነው። እኔ የራሴን ወገብ እያሳየሁ አስረዳቸዋለሁ፦ መርፌው የሚገባው ዋናው ነርቭ ካለቀበት በታች ነው፣ ሽባ አያደርግም። ጠበል ልንወስደው ነው ሲሉኝም መጀመሪያ መርፌውን ያግኝ እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም።

በየካርዱ ላይ «20» መጻፍ

የትኛውም ዋርድ ግባና ካርዶቹን አገላብጥ። አተነፋፈስ 20። 20። 20። ሃያ ሰው በአንድ ምጣኔ የሚተነፍስበት ዋርድ! ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲሠራጭ ከትኩሳትም ከግፊትም ቀድሞ ሊናገር የሚችለው ትንፋሽ ነው። 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጆሮህን አቁም። አንድ ጊዜ ሙቀታቸው 36 የሆነ፣ «ደህና ነኝ ልጄ» የሚሉ አባት ነበሩ። ሰዓት ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ 34። ሳንባቸው ነበር።

ዴክሳን እንደ ማር ማዳረስ

ዴክሳሜታዞን የስቴሮይድ መድኃኒት ነው፤ ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ምግብ ያስበላል፣ ታካሚው ያመሰግንሃል። ለውፍረት ብለው የሚውጡትም አይጠፉም። አደጋው ብዙ ሰው የማያውቀው ትል ላይ ነው፤ ስትሮንጂሎይደስ። በባዶ እግር ከአፈር ይገባል፤ አንጀት ውስጥ ራሱን እየተካ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ሰውየው አገር ከለቀቀ ሃያ ዓመቱ ይሁን፣ ጫማ ሳያደርግ ያደገ ከሆነ ትሉ አብሮት ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ ሲጀመር ትሉ በድንገት ይራባል። የአንጀት ባክቴሪያ ተሸክሞ ሳንባና ጭንቅላት ይደርሳል። የሚጠቁመን የደም ሴል፣ ኢዮሲኖፊሉም፣ ያኔ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ጊዜ የታየ ሰገራም ላያሳየው ይችላል። ለአስምም፣ ለካንሰርም፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላም ረዥም ስቴሮይድ ሊጀመርልህ ከሆነ «ገጠር ነው ያደግኩት» በል። ሐኪሙ የትሉን መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲንን፣ እንዲያስብበት።

ሌላው ስህተት፣ የወባ ፈጣን ምርመራ አንዴ ኔጌቲቭ ሆነ ብሎ ወባን መሰረዝ። አንዳንዶቹ ኪቶች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማይሠሩ ጥገኛ ተሕዋስያን በአገራችንም ተገኝተዋል። ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ፣ ይደገምም።

የመጨረሻው፣ የተወሰደውን መድኃኒት ሳይጠይቁ ሕክምና መጀመር። «ቀይና ቢጫ ክኒን» መልስ አይደለም፣ ስንቱ ነው ቀይና ቢጫ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ። አንዲት እናት ይህን ስላቸው በማግስቱ በመሀረብ ቋጥረው አመጡልኝ። ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ሰባት ዓይነት ነበር። ስድስቱን ለየሁ። ሰባተኛው አውራ ጣት የሚያህል ቢጫ ክኒን ነው፣ ግራ ገባኝ።

«እሱማ የበሬው ነው» አሉኝ። «ግማሹን ነው የሰጠሁት።»