በጣና ዳር የሚመረት አበባ፦ ችግሮቹ፣ መንስኤዎቹና መፍትሄዎቹ

በባሕር ዳር ዙሪያ በጓሮ ወይም በትንሽ ማሳ አበባ አልምተው ለሰርግ ደጋሾችና ለአበባ ሻጮች የሚያቀርቡ አምራቾች ጉዳቱን የሚያዩት አበባው ባልዲ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ መንስኤው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በመደቡ፣ በሚቆረጥበት ሰዓት ወይም በተዘራበት ቀን የተፈጠረ ነው።

በተቆረጠ ማግስት አንገቱን የሚደፋ አበባ

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ይህ ነው፤ የጠወለገ አበባ የተቀበለ ገዢ ተመልሶ አይመጣምና። የመጀመሪያው ምክንያት ሰዓቱ ነው። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ተክሉ በቅጠሉ በኩል ብዙ ውኃ ያጣል፤ በዚያን ጊዜ የተቆረጠ ዘንግ በውኃ ፋንታ አየር ይስባል፣ አየሩም የውኃውን መተላለፊያ ይዘጋል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቆርጦ ወዲያው ውኃ ውስጥ ማስገባት፣ ጥላ ሥር ከደረሱም በኋላ የዘንጉን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም መቀስ እንደገና መቁረጥ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ራሱ ነው። ከሐይቁ በሞተር የሚሳበው ውኃ ለመስኖ መልካም ቢሆንም ለባልዲ አይሆንም፤ በተለይ በክረምት ርብ፣ ጉማራና ግልገል ዓባይ ደለል ይዘው በሚገቡበት ወቅት፣ ጭቃውና በውስጡ የሚራቡት ተሕዋስያን የዘንጉን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ባልዲውን በበረኪና አጥቦ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ መሙላት፣ በ1 ሊትር ውኃም 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና መጨመር የአበባውን ዕድሜ ያራዝማል። ሎሚና በረኪና ሳይቀጥኑ ከተገናኙ ጎጂ ጋዝ ስለሚያወጡ፣ እያንዳንዳቸው በየተራ ውኃው ውስጥ ይጨመሩ። ውኃው ውስጥ የሚሰምጡ ቅጠሎችም አስቀድመው ይርገፉ።

ሰዓቱም ውኃውም ተስተካክሎ ዚኒያ የተባለው አበባ ከጠወለገ ግን ሳይደርስ ተቆርጧል ማለት ነው። ዘንጉን ከአበባው 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይዞ ማወዛወዝ በቂ ፈተና ነው፤ አንገቱ ከተልፈሰፈሰ ጥቂት ቀን ይቆይ፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይቆረጥ።

ጫፉ የሚጎብጥ ግላዲዮለስ

ግላዲዮለስ በረጅም ዘንግ ላይ እምቡጦቹን በተርታ የሚይዝ አበባ ነው፤ ባጃጅ ውስጥ ተጋድሞ ሲጓዝ ጫፉ ወደ ላይ እየታጠፈ ይሄዳል። ታችኛዎቹ 1 ወይም 2 እምቡጦች ቀለም ሲያሳዩ ቆርጦ፣ በባልዲ አቁሞ ማጓጓዝ ነው።

በክረምት ቢጫ የሚሆን ቅጠል

ብዙዎች ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ተክሉ የተራበ መስሏቸው ዩሪያ ይጨምራሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ይህን ማድረግ በእኔ እምነት ገንዘብን ከነአበባው ማጣት ነው። አስቀድሞ አንድ ተክል ነቅሎ ሥሩን ማየት ይሻላል፤ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰና ከሸተተ፣ ችግሩ ጥቁሩ አፈር ውኃ ቋጥሮ ሥሩን አየር መከልከሉ ነው። የበሰበሰው አይድንም፤ ቀሪውን ለማትረፍ በመደቦቹ መካከል ውኃ መውረጃ ቦይ መቅደድ፣ ለሚቀጥለው ተከላም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ በኮምፖስት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሥሩ ነጭና ጠንካራ ሆኖ የታችኛው ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ማዳበሪያ ይገባዋል።

ያማረ አበባ፣ የጠፋ ገዢ

ይህ የጊዜ ስሌት ስሕተት ነው። የኦርቶዶክስ አማኞች ሰርግ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይበዛል፣ በጾሙ 55 ቀናት ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል፤ በጾሙ መካከል የፈካ መደብ እዚያው ይረግፋል። በመስከረም ደግሞ አደይ አበባ በየሜዳው ስለሚገኝ፣ ሌላ ቢጫ አበባ ይዞ ገበያ መውጣት አያዋጣም።

መፍትሄው ከገበያው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ዚኒያ ከተዘራ ከ60 እስከ 75 ቀናት ውስጥ ስለሚያብብ፣ ለጥር 11 የሚፈለገው በጥቅምት 26 አካባቢ ይዘራል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እድገቱን ስለሚያዘገየው አንድ ሳምንት ማስቀደም ይመከራል። ዘሩን በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በ10 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ከፍሎ መዝራት፣ ከመዝራትም በፊት ገዢውን ስንት ዘንግና ምን ዓይነት ቀለም እንደሚፈልግ ጠይቆ መስማማት ያስፈልጋል።