ቁልፉን ይዞ ቁልፉን የሚጠብቀው የካሜራ ድራይቨር

ለካሜራ የጻፍኩትን ትንሽ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያዝ ኮድ) ከሊነክስ ከርነል፣ ማለትም ከስርዓተ ክወናው እምብርት፣ 6.1 ወደ 6.6 አዛወርኩት። ኮዱ ያለ ችግር ተጠናቀረ። የመጀመሪያዋን ፎቶ ለማሳየት ስሞክር ግን ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ፕሮግራምን በግድ የሚያስቆመው ኪል ዘጠኝ ትእዛዝም አላንቀሳቀሰውም።

ሁለት ደቂቃ ጠብቄ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ዲሜሴጅ ከፈትኩ። «ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዷል» የሚል መልእክት አለ። ከስሩ ያለውን የጥሪ ሰንሰለት ሳነብ፣ የቆመው የእኔው የቪማፕ ኮልባክ ውስጥ (ከርነሉ በፈሩን ማንበብና መጻፍ ሲፈልግ የሚጠራው ተግባር ነው)፣ የዲኤምኤ በፈሩን፣ ማለትም መሣሪያዎች የሚጋሩትን ማህደረ ትውስታ፣ ቁልፍ በሚጠይቀው መስመር ላይ ነው። ቁልፉ በአንድ ጊዜ አንድ ያዥ ብቻ እንዲኖር ያደርጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ6.2 ጀምሮ የጋራ በፈሮች የቁልፍ ደንብ ተቀይሯል። ከርነሉ ቁልፉ እንደተያዘ ነው ቪማፕ ኮልባክን የሚጠራው። የእኔ ኮድ ደግሞ ያንኑ ቁልፍ እንደገና ይጠይቃል። በገዛ እጁ የያዘውን ይጠብቃል ማለት ነው፤ እስከ ዘላለም። ሁለቱን መስመሮች፣ መቆለፊያውንና መክፈቻውን፣ ሰረዝኩ። ፎቶዋ ወጣች!

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ሌላ ስህተት ተደብቆ ይቀር ነበር። የከርነሉን የቁልፍ ስህተት መፈለጊያ፣ ሎክዴፕን፣ አብርቼ ደግሜ ስሞክር ማስጠንቀቂያ መጣ፤ በሌላ ፋይል ውስጥ ቁልፉን ሳልይዝ «ዲኤምኤ በፍ ቪማፕ» የሚባለውን ተግባር እጠራለሁ። ስሙ መጨረሻ ላይ «አንሎክድ» የሚል ቅጥያ ወዳለው ተግባር ቀየርኩት። ስሙ ያሳስታል፣ እኔንም ግማሽ ቀን አሳስቶኛል። «አንሎክድ» ማለት ቁልፍ አይነካም ማለት አይደለም። ጠሪው ቁልፉን አልያዘም፣ ተግባሩ ራሱ ይይዝለታል ማለት ነው። ቁልፉን አስቀድማችሁ ከያዛችሁ ቅጥያው የሌለውን ተጠቀሙ። ቪማፕን የሚቀለብሱትን የቪአንማፕ ጥሪዎችም አብራችሁ አስተካክሉ።