የኬጂ ልጆችን ኮምፒውተር ስታስተምሩ እነዚህን ተዉ

ሰሞኑን አንዲት አዲስ መምህርት ክፍል ገብቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰላሳ የሚሆኑ የአምስት ዓመት ልጆች ባለ በሌለ ድምፃቸው ይጮኻሉ። "ሞኒተር!" ትላለች እሷ። "ሞኒተር!" ይላሉ። "ኪቦርድ!" "ኪቦርድ!" "ሲፒዩ!" "ሲፒዩ!" ኮምፒውተሩ ራሱ ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አቧራ እንዳይነካው ነው አሉ።

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጥረውም። አሁንስ መረረኝ። ልጆቹ ምን አወቁ? የዕቃ ስም። ድስት፣ ምጣድ፣ ማማሰያ ብሎ የሸመደደ ልጅ ወጥ መሥራት ቻለ እንላለን እንዴ? ደግሞ ስሙም ልክ አይደለም። ያ "ሲፒዩ" እያልን የምናስጮኽበት ትልቅ ሳጥን ሲፒዩ አይደለም። ሲፒዩ ሳጥኑ ውስጥ ያለ፣ መዳፍ የማይሞላ ቺፕ ነው። እኛም እንደዚያው ተምረን ስለመጣን ስህተቱን ሳንነካው እናቀብላለን። ከዚያ ፈተና ይመጣል፤ ሥዕሉን ከስሙ ጋር በመስመር አዛምዱ ይባላል፤ ወላጅ አሥር ከአሥር አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ከሌላው ተሽዬ አይደለም የምናገረው። ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር ያስተማርኩት። በወላጆች ቀን አንዷ ልጄ መድረክ ላይ ወጥታ ኮምፒውተር ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ አንበለበለችው፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰኞ ኮምፒውተሩ ፊት ሳስቀምጣት ማውሱን እያየች "ሚስ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሥዕሉ ላይ ያለው ነጭ ነበር፣ የእኛ ጥቁር ነው። ያን ቀን ማታ ሥዕሎቹን በሙሉ ከግድግዳው አነሳሁ።

በዚህ ዕድሜ መማር ያለባቸው ትእዛዝን በቅደም ተከተል መስጠት፣ መድገምና ስህተት ሲፈጠር የት ላይ እንደሆነ መፈለግ ነው። ለዚህ ደግሞ መብራት አያስፈልግም። (መብራት ጠፋ ብላችሁ ክፍለ ጊዜውን የምትሰርዙ፣ ይሄ ለእናንተም ነው።) ግቢ አውጧቸው። ድብብቆሽ ያውቃሉ አይደል? "ኩኩሉ!" "አልነጋም!" "ኩኩሉ!" "አልነጋም!" አንዱ "ነጋ!" እስኪል ድረስ ይደጋገማል። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሉፕ የሚሉት ይሄንኑ ነው፦ ጠይቅ፣ ካልሆነ ድገም፣ ሲሆን አቁም። አንድ ቀን "ነጋ የሚል ሰው ባይኖርስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ ትንሽ አሰበና "እስከ ምሳ እንጮኻለና!" አለኝ። እኔ ማለቂያ የሌለው ሉፕን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የተረዳሁት።

ሰኞ ማክሰኞም እንዲሁ ነው። በጠመኔ ሳጥን ሳጥን ታሰምራላችሁ፤ አንዱ ልጅ ሮቦት ይሆናል፣ ሌላው "ወደፊት፣ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር" እያለ ያዘዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ፊታችሁን ወደ ልጆቹ አዙራችሁ ቀኝ እጃችሁን እያነሳችሁ "ቀኝ" አትበሉ። ግራቸውን ነው የሚያነሱት። ጀርባችሁን ስጧቸው።

ሮቦት ያላችሁ ደግሞ አላችሁ። አንድ ወላጅ ከውጭ ያመጡልን ቢ-ቦት አለን፤ ንብ የምትመስል፣ ጀርባዋ ላይ ቀስቶች ያሏት። መምህራን "ተበላሽታለች" እያሉ ካርቶኗ ውስጥ ይመልሷታል። አልተበላሸችም። የቀድሞውን ትእዛዝ የሚያጠፋውን ቁልፍ ሳትጫኑ አዲስ ስትሰጧት አዲሱን ከአሮጌው ላይ ትቀጥለዋለች። መጀመሪያ የትናንቱን ትሄዳለች፣ ከዚያ የዛሬውን። ሁለተኛው ነገር ቀኝ ቀስቱ ነው። ልጆች ሲጫኑት ወደ ቀኝ የምትራመድ ይመስላቸዋል፤ እሷ ግን ባለችበት ዞራ ትቆማለች። በአፍ ከማስረዳት ራሳቸው ተነስተው እንዲዞሩ አድርጉ።

የእኔን ጉድ ደግሞ ልንገራችሁ። ካርታ መሥራት ሰነፍኩና የክፍሉ ሴራሚክ ይበቃል አልኩ፤ አንድ ሴራሚክ አንድ እርምጃ። ቢ-ቦት በአንድ ትእዛዝ የምትሄደው 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሴራሚኩ 40 ነበር። ልጆቹ ደጋግመው ቆጠሩ፣ ደጋግመው ሳቱ፣ በመጨረሻ አንዷ "እኔ አልችልም" ብላ አለቀሰች። ጥፋቱ የኔ ነበር። በነጋታው 15 በ15 የሆኑ ሳጥኖች ካርቶን ላይ አሰመርኩና ለሷ ከሁሉም በፊት ሰጠኋት።

ማውሱን ከልጁ እጅ አትንጠቁ። "ቆይ ላሳይህ" ብላችሁ ጨርሳችሁለት ስትነሱ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ ቁሙ፤ እኔ እስካሁን እንደዚያ ነው የምቆመው።

ኪቦርዱ ላይ ያሉት ፊደሎች ትልልቆቹ ናቸው፣ ደብተራቸው ላይ ያሉት ደግሞ ትንንሾቹ። ልጁ ደነዘዘ ከማለታችሁ በፊት ትንንሾቹ ፊደሎች ያሉበት ተለጣፊ ግዙ።

ታብሌት ያላችሁ፣ ልጆች ሥዕላዊ ትእዛዞችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበትን ስክራች ጁኒየር የተባለ መተግበሪያ ተጠቀሙ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ተብሎ የተሠራ ነው፣ በነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ማንበብ የማይችል ልጅም በሥዕሎቹ ይሠራበታል። ለትልልቅ ልጆች የተሠራውን ዋናውን ስክራች አምጥታችሁ "ከፍ ያለውን እናስተምራለን" የምትሉ ትምህርት ቤቶች፣ እባካችሁ ለልጆቹ እዘኑ።

ታብሌት ዝም ማሰኛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይላል። ያቺን ሰዓት ቤት ውስጥ በካርቱን ጨርሰዋት ነው የሚመጡት።

ሌላው፣ ልጆች ሮቦቷ ነፍስ ያላት ሲመስላቸው በዝምታ አትለፉት። የኛዋ አንድ ቀን ቻርጅ ጨርሳ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። "ደክሟት ነው" አሉ። አንዷ ሹራቧን አውልቃ አለበሰቻት፣ ሌሎቹን "እሽሽ" አለቻቸው። ቻርጅ ስሰካት ደግሞ "እየበላች ነው" ተባለ። ይሄኔ ከኋላ አንዱ "ሚስ፣ የጾም ነው?" አለኝ። ማረም ነበረብኝ፤ ሳቄ አላስቻለኝም። "ማን ነው ሂጂ ብሎ ያዘዛት?" ብዬ ነገሩን የጀመርኩት በማግስቱ ነው።