ደንበኛን እራት መጋበዝ፦ ከቀኑ ቆረጣ እስከ ሹፌሩ ሳህን

ድርጅታችሁ አዲስ አበባ ውስጥ 30 ያህል ደንበኞቹን እራት ሊጋብዝ ካሰበ፣ ከአዳራሹ በፊት ቀኑ ይቆረጥ። ረቡዕና ዓርብን፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር፣ የጾም ቀን ብላችሁ ያዙ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በረመዳን የምትጋብዙ ከሆነ ሰዓቱን ከመግሪብ ጋር አስማሙ፤ ተምርና ውሃ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ይገኝ። በተረፈ ማክሰኞና ሐሙስ ይመቻሉ።

ጥሪው ከ2 ሳምንት በፊት ይድረስ። ለውጭ አገር እንግዳ «ምሽት 1 ሰዓት» ብቻ ተጽፎ አይላክ፤ በእሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት መሆኑና የፈረንጆቹ ቀን አብሮ ይጻፍ። በዚያው መልእክት የማይበላው ነገር ካለ ጠይቁት። ግብዣው 3 ቀን ሲቀረው ደግሞ እያንዳንዱን በስልክ አረጋግጡ፤ ዝም ያለ ሁሉ ይመጣል ማለት አይደለም፤ ይቀራል ማለትም አይደለም።

ብዙ ግብዣ የሚበላሸው ምግቡ ላይ ነው። ቀኑ ፍስክ ቢሆንም የጾም ምግብ በብዛት ይኑር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥጋ የማይበላውም የሚገናኙበት እሱ ነው። ሽሮው በዘይት መሠራቱን ከወጥ ቤቱ ኃላፊ ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ለጣዕም ብሎ ቅቤ ጠብ የሚያደርግ አብሳይ አይጠፋም። ዓሣን እንደ ጾም ምግብ አትቁጠሩት፤ የሚበላው ጿሚ አለ፣ የማይነካውም ብዙ ነው። ሥጋው የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ በተለያየ ድስት ይሠራ፣ ቡፌው ላይም በጉልህ ይጻፍበት። ለየምግቡ የራሱ ጭልፋ ይቀመጥ፣ አንድ አስተናጋጅም ይቁምበት። የዶሮ ወጡ ጭልፋ ምስር ውስጥ አንዴ ከገባ፣ ያንን ያየ ጿሚ ወደ ቡፌው አይመለስም፤ ይሉኝታ ይዞትም ለማንም አይናገርም። ክትፎ ካለ ጥሬው፣ ለብለቡና የበሰለው ይለዩ።

የባህል ምግብ ቤት ከመረጣችሁ ሙዚቃው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቁና ንግግራችሁን ከዚያ በፊት ጨርሱ። ንግግሩ ከ3 ደቂቃ አይለፍ፤ የተራበ ሰው አይሰማም። ጠረጴዛችሁ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ይበል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ለመነጋገር የሚጮህ ደንበኛ ቶሎ ይደክመውና ቀድሞ ይነሣል።

ቡና ጊዜ ይፈልጋል። መቁላቱ ዋናው ምግብ ሲቀርብ ካልተጀመረ፣ አቦሉ ሳይደርስ እንግዳው ኮቱን ይለብሳል። ለ30 ሰው አንድ ጀበና አይበቃም፤ 3 ጀበናና ሁለት ቡና አፍዪ ያዙ። ሆቴል ውስጥ ከሆነ ከሰልና ዕጣን ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጭስ ጠቋሚ ባለበት አዳራሽ በግብዣው መሐል ማንቂያው ሊጮህ ይችላል።

የእንግዶቹ ሹፌሮችም አሉ። ደንበኛው ለሦስት ሰዓት ያህል ሲጫወት ሹፌሩ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። ለ30 እንግዳ ከ10 እስከ 15 ተጨማሪ ሰው ቆጥራችሁ እዘዙ፤ ከእንግዶቹ ጋር እኩል ሰዓት፣ ትኩስ ምግብ፣ የሚቀመጡበት ቦታም ይዘጋጅላቸው።