ቫይረስ የገባበትን ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ውጭ ሆኖ መፈተሽ፦ ችግርና መፍትሔ

ቫይረስ ገብቶበታል ተብሎ የተጠረጠረን ኮምፒውተር በራሱ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ መፈተሽ አስተማማኝ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ አንቲቫይረሱ የሚያየው ቫይረሱ እንዲያይ የፈቀደለትን ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ታስክ ማናጀርን ይዘጋል፣ ሌላው ደግሞ ሲ ድራይቭን በሙሉ «አይፈተሽ» በሚለው የዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ዝርዝር ውስጥ ያስገባዋል። ስለዚህ ማሽኑን በፍላሽ ወይም በዲቪዲ ላይ ባለ ሌላ ሲስተም፣ ለምሳሌ በኡቡንቱ (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ) ወይም በካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክ፣ አስነስቶ ዊንዶውሱን እንደተኛ መመርመር ይገባል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ የሚገኘው ዲፌንደር ኦፍላይንም ማሽኑን እንደገና አስነስቶ ከዋናው ዊንዶውስ ውጭ ስለሚፈትሽ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዚህ በታች ያሉት ጎንደር ውስጥ በጥገና ሥራ ላይ ደጋግመው የሚገጥሙኝ ችግሮች ናቸው።

ማሽኑ ከፍላሹ አይነሳም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፍላሹ ነው። ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰና ብዙ ጊዜም የተበላሸ ሚሞሪ የያዘ ርካሽ ፍላሽ ገበያውን ሞልቶታል። እንዲህ ያለው ፍላሽ መረጃውን የተቀበለ ይመስላል፣ ሲስተሙን ፍላሽ ላይ የሚጽፈው ሩፈስም ሥራውን እንደጨረሰ ይናገራል፣ ማሽኑ ግን ሊነሳ ሲል መሀል ላይ ይቆማል። አዲስ ፍላሽ ከመጠቀምዎ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ሞልተው ይፈትኑት፤ ጊዜ ቢወስድም በማይረባ ዕቃ ላይ ግማሽ ቀን ከማቃጠል ይሻላል። ፍላሹ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ አሠራሩን ይመልከቱ፦ ለአሮጌ ማሽን በኤምቢአር፣ ለአዲስ ማሽን በጂፒቲ የዲስክ አከፋፈል (ሩፈስ ውስጥ የሚመረጥ ነው) መሠራት አለበት። ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት እንደበራ ኡቡንቱ ይነሳል፤ ሌሎች የፍተሻ ዲስኮች ግን ላይነሱ ይችላሉ። ሴኪዩር ቡትን ከማጥፋትዎ በፊት ቀጥሎ ያለውን ያንብቡ።

ስካነሩ ተነስቷል፣ ሃርድ ዲስኩን ግን አይከፍተውም

ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ዲስኩ ለሌላ ሲስተም የተቆለፈ ሣጥን ነው። ቁልፉ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን የሸጠው ሰው በራሱ አካውንት ከፍቶ ያስረከበው ከሆነ ዊንዶውሱ ካልተነሳ ገዢው ቁልፉን ከሻጩ በቀር የሚያገኝበት መንገድ ላይኖረው ይችላል፤ ላፕቶፕ ሲገዙ ይህን ሳይጠይቁ መውጣት ትልቅ ስህተት ነው። ሴኪዩር ቡትን ወይም ሌላ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ቅንብርን መቀየር ዊንዶውስ ይህንኑ ቁልፍ እንዲጠይቅ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቁልፉ ወረቀት ላይ ሳይጻፍ ባዮስ አይነካም።

ቢትሎከር ሳይኖር ዲስኩ ጨርሶ ካልታየ፣ ማሽኑ ባዮስ ውስጥ አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ በተባለ የኢንቴል የዲስክ ቅንብር ላይ ሊሆን ይችላል። ወደ መደበኛው ቅንብር፣ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ሲቀየር ሊኑክስ ዲስኩን ያያል፤ ነገር ግን ዊንዶውሱ አስቀድሞ ሴፍ ሞድ እንዲነሳ ሳይታዘዝ ከተቀየረ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል።

ቫይረሱን ያገኘዋል፣ ማጥፋት ግን እምቢ ይለዋል

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ፋስት ስታርትአፕ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ሻት ዳውን» ሲባል ሲስተሙ በከፊል እንቅልፍ ይተኛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ሊኑክስም እንዲህ የተተወውን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። መፍትሔው ሺፍትን ተጭኖ ሻት ዳውን ማለት ነው። አንዳንድ የፍተሻ ዲስኮች የእንቅልፍ ፋይሉን እንዲያጠፉት ይጠይቃሉ፤ ባለቤቱ ሳያስቀምጠው የተወው ጽሑፍ ካለ አብሮ ይጠፋልና ሳይጠይቁት አይፍቀዱ።

ክላምኤቪ የተባለውን ነጻ አንቲቫይረስ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ይወቅ። ፕሮግራሙ የቫይረስ ዝርዝሩን ለመጫን ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ራም ስለሚፈልግ በ2 ጊጋባይት ማሽን ላይ ይታነቃል፤ የተበከለን ፋይልም አያክምም፣ ያሳያል፣ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል ወይም ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ ያሠሩ፣ ዝርዝሩን በዓይንዎ ያንብቡ፣ ከዚያ ያጥፉ። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ቀን ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ማጥፋት አይጀመርም፤ ፍተሻው ቢቋረጥ ጉዳት የለውም፣ ዲስኩ እየተጻፈበት ሳለ ቢቋረጥ ግን ፋይል ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል።

ጸዳ የተባለው ኮምፒውተር በማግስቱ ተመልሶ ይያዛል

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ምልክቱን የማያውቅ የለም፦ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ሆነው ይታያሉ፣ እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ናቸው፣ የፍላሹ መጠን ሲታይ ግን እንደሞላ ነው።

ፋይሎቹ አልጠፉም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ሰጥቶ ሰውሯቸዋል፤ ወይም ሁሉንም ስም የሌለው በሚመስል፣ ስሙ የማይታይ ባዶ ቦታ ብቻ በሆነ አንድ ፎልደር ውስጥ ከትቷቸዋል። ተጠቃሚው ሾርትከቱን ሁለቴ ሲጫነው የቫይረሱ ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) ይነሳል፣ ወዲያው እውነተኛው ፎልደር ይከፈትለታል፣ የፈለገውን ስላገኘም ምንም አይጠረጥርም። ስክሪፕቱ ግን በአፕዳታ ወይም በቴምፕ ፎልደር ውስጥ ራሱን ገልብጦ፣ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር እንዲነሳ ሬጅስትሪ በተባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ተመዝግቦ፣ ቀጥሎ የሚሰካውን ፍላሽ ይጠብቃል።

አንዲት የማራኪ ካምፓስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘውን ፍላሽ ያመጣችው ሌላ ቦታ «ባዶ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ከተባለች በኋላ ነበር። ሊኑክስ የዊንዶውስን መደበቂያ ምልክት ስለማይከተል፣ ፍላሹ ኡቡንቱ በተነሳበት ማሽን ላይ ሲሰካ ምዕራፎቹ፣ የመጠይቁ ቅጂና የአማካሪዋ አስተያየት ያለበት ፋይል እንዳሉ ወጡ። ፎርማት ለማድረግ የሚቸኩል ባለሙያ የሰው የዓመት ልፋት እንደሚያጠፋ ይወቀው፤ በሊኑክስ ሳይታይ ፎርማት የሚደረግ ፍላሽ መኖር የለበትም።

የፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጉዳይ የባሰ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ከውጭ ተፈትሸው ጠዋት ጸድተው ከሰዓት በኋላ ሁሉም እንደገና ተይዘው ተገኙ። ምክንያቱ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ፋይል የሚዞርበት፣ ሁሌ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ አንድ ፍላሽ ነበር፤ እሱን «የቤቱ ነው» ብለው ማንም ለፍተሻ አላቀረበውም። ኮምፒውተርን ብቻ አጽድቶ ፍላሾቹን መተው ምንም እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ የፍተሻውን ፍላሽ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ብቻ ይሰኩ፤ በርቶ ሳለ ከሰኩት እሱም ይያዛል። ፍላሹ የሚዘጋጀውም በጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሲነሳ የኮምፒውተሩን ዲስክ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ፍላሾች፣ ኤክስተርናል ዲስክና የስልክ ሚሞሪ ካርድ ሁሉ በአንድ ላይ ያስፈትሹ። ሾርትከቶቹንና ስክሪፕቶቹን ያጥፉ፣ ሰነዶችንና ፎቶዎችን ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ይገልብጡ፣ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራም የሚጭን ፋይል አይገልብጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የአማርኛ መጻፊያና የዊንዶውስ ማግበሪያ ቅጂ ራሱ የበሽታው ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ «ስክሪፕት ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ከመጣ አይደንግጡ፤ ስክሪፕቱ ጠፍቷል፣ የቀረው የሬጅስትሪ ምዝገባው ወይም የተቀጠረ ሥራው ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚነሳውን ሁሉ የሚዘረዝረውን፣ ከማይክሮሶፍት በነጻ የሚገኘውን ኦቶራንስ ከፍተው ያንን መስመር ይሰርዙ። የዲፌንደርን «አይፈተሽ» ዝርዝርም በዚያው ባዶ ያድርጉት። ለጽሑፍ ቤቶች በተለይ ስክሪፕቶችን የሚያስኬደውን ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስትን ማጥፋት እመክራለሁ፤ ለሕትመት ሥራ አያስፈልግም፣ እንዲህ ያለውን ስክሪፕትም መነሻ ያሳጣዋል። ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ካለዎት ደግሞ የፍተሻውን ሲስተም በዲቪዲ ላይ ይጻፉት፤ አንዴ የተጻፈና የተዘጋ ዲስክ ላይ ቫይረስ ምንም ሊጨምር አይችልም።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ከጽዳት በኋላ ፕሮግራሞች አልከፈት ካሉ እንደ ሳሊቲ ያለ ፋይሎቹን ራሳቸውን የሚበክል ቫይረስ ነበር ማለት ነው፤ ሰነዶቹን አውጥቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ብቻ ነው የሚያዋጣው።

አዲስ ሃርድ ዲስክ ገብቶም ከተመለሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተገኘው ሎጃክስ ቫይረሱ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የባዮስ ዓይነት) ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላልና ባዮሱ ከአምራቹ በወረደ ፋይል እንደገና ይጫን፤ ከዚያ በፊት ግን ሳይጸዳ የቀረ ፍላሽ አለመኖሩ ይረጋገጥ።

ፋይሎቹ ስማቸው መጨረሻ ላይ እንግዳ ቅጥያ ተጨምሮባቸው አልከፈት ካሉና ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ካለ ራንሰምዌር ነው። የውጭ ፍተሻ ቫይረሱን እንጂ በፋይሎቹ ላይ የተደረገውን ቁልፍ አያነሳም። ዲስኩን አውጥተው እንዳለ ያስቀምጡት፣ የገንዘብ መጠየቂያውን ጽሑፍ አያጥፉት፣ የሆላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በጀመሩት ኖ ሞር ራንሰም በተባለው ድረ ገጽ ላይ ለዚያ ዓይነት ነጻ መፍቻ መውጣቱን ይፈልጉ፤ ዛሬ ባይኖር ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል።