ችካል ከመተከሉ በፊት፦ የከተማ ፕላን ሲቀየር ነዋሪዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

የትንሽ ከተማ ፕላን ሲከለስ ወይም ዳር ያለ የገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ሲካለል፣ ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ነው። ያኔ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሮጣል። እኔ ለዓመታት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የተቀመጥኩ የፕላን ባለሙያ ስለነበርኩ መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «ፕላኑ ጸድቋል።» ውሸት አይደለም፣ ጸድቋል። ግን ከመጽደቁ በፊት ብዙ ወራት ነበሩ። በነዚያ ወራት ደጋግመው ካየኋቸው ስህተቶች ጥቂቶቹን ልንገራችሁ።

«እኔን አይነካኝም» ብሎ መቅረት

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የመላ ከተማውን የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች የሚወስነው ፕላን፣ ደግሞ ለ10 ዓመት ያገለግላል። አንድ ጠዋት ከአዳራሹ ውይይት ቀራችሁ ማለት ለ10 ዓመት የሚሠራ ውሳኔ ያለ እናንተ ተወሰነ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ቀን ደግሞ ሰው የማይገምተው ነው። ልኬታ የሚወስዱት ልጆች ጂፒኤስ ይዘው በየሰፈሩ ሲዞሩ፣ ያኔ ካርታው ገና ባዶ ነው። አስቁማችሁ ጠይቋቸው፤ ቡና ብትጋብዟቸውም አይጠሉም። ረቂቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ባለሙያው ሥራውን መከላከል ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ወራት የደከሙበትን መንገድ ማጠፍ ያማል።

ካርታውን በሩቁ ማየት

አዳራሹ መቶ ሰው ይይዛል፣ ካርታው የአንድ በር ያህል ነው። ሰዉ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቀለማት ያያል፤ ከዚያ «ጥሩ ነው» ይላል። ተነሱና ቅረቡ። ብዙ ጊዜ ቢጫ መኖሪያ ነው፣ ቀይ ንግድ፣ ወይን ጠጅ ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው እንደ ስሙ አረንጓዴ ቦታ ነው። ቅይጥ የሚባለውም አለ፤ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሚፈቀድበት ማለት ነው። ቀለሙ ከካርታ ካርታ ስለሚለያይ ጥግ ላይ ያለውን መፍቻ አንብቡ። ቤታችሁን በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ ወይም በድልድዩ ለይታችሁ ፈልጉ።

መለኪያውንም እዩ። ካርታው 1 ለ 2000 ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለ 1 ሚሊሜትር መሬት ላይ 2 ሜትር ነው። የ30 ሜትር መንገድ 15 ሚሊሜትር ይሆናል። ቀጭኗ የግማሽ ሚሊሜትር መስመር እንኳ ብቻዋን 1 ሜትር ትበላለች።

አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ማስመሪያ ይዘው መጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ለኩና «ልጄ፣ መንገድህ ከአጥሬ ወደ ውስጥ 3 ሚሊሜትር ገብቷል። 6 ሜትር ነው። ጓዳዬን ይወስዳል። ከማዶ ያለው ግን ባዶ ሜዳ ነው» አሉ። ጋሼ ትክክል ነበሩ። መስመሩን ስስለው የሜዳውን ጎን ልብ አላልኩትም። መንገዱ ተገፋ። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብለው «ፍትሕ የለም!» ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ የእነሱን መስመር የት ላይ እንደማርመው አላወቅኩም።

ሁሉንም ብሶት አንድ ላይ ማፍሰስ

ውሃ ሦስት ቀን አልመጣም፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፣ መታወቂያ አይሰጡንም። እውነት ነው፣ ያንገበግባል። ግን የዕለቱ አጀንዳ መሬት ለምን ይዋል የሚለው ነው። በውሃ ላይ ሁለት ሰዓት ከተነታረክን በኋላ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያይና «እንግዲህ ፕላኑን በተመለከተ የተለየ ሐሳብ ከሌለ...» ይላል። ጭብጨባ፣ ከዚያ ምሳ።

ተናግሮ መሄድ

ይሄኛው እስካሁን ያናድደኛል። ስሟን የማልጠራት ከተማ ውስጥ ነዋሪው የኢንዱስትሪ ቦታውን ግማሽ ቀን ሙሉ ተቃወመ። ነፋሱ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሚነፍሰው ብለው አስረዱ። ከሳምንት በኋላ ቃለ ጉባኤው እጄ ሲገባ «ተሳታፊዎች ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ይላል። አባሪው የአቴንዳንስ ፊርማቸው ነበር። አበል ለመቀበል የፈረሙበት ወረቀት የድጋፍ ፊርማ ሆኖ አረፈው!

ስለዚህ ከመበተናችሁ በፊት ቃለ ጉባኤው ይነበብ በሉ። ተቃውሟችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ፦ የቦታው መለያ፣ ምን እንደተሳለበት፣ ምን ይሁን እንደምትሉ፣ ለምን። ለመዝገብ ቤት አስገቡና ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። «የተጠራችሁት ልናሳውቃችሁ ነው» ከተባላችሁ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰባችሁን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጣችሁ በትሕትና አስታውሱ።

መድረኩን ለሽማግሌዎች ብቻ መተው

ሽማግሌ መጀመሪያ ይናገራል፣ ይሄ ወጋችን ነው። ችግሩ ከእሳቸው በኋላ ሌላው አንገቱን ነቅንቆ መቀመጡ ነው። ተከራዮች «አገሩ የእኛ አይደለም» ብለው አይመጡም። ስብሰባው በገበያ ቀን ከተጠራ ሴቶቹ የሉም።

አንድ ከተማ ላይ ለቤት ሽንሸና ያቀድነው ሜዳ ነበረ። ከኋላ የተቀመጡ ጠላ ሻጭ እናት እጃቸውን ግማሽ ድረስ አነሱ። «እሱማ በነሐሴ ጎርፉ የሚያርፍበት ነው፤ እኔ እዚያ ጋ ጋን ተወስዶብኛል» አሉ። እኛ ልኬታውን የወሰድነው በጥር ነው። በጥር ደግሞ ሜዳው ደረቅ፣ ኳስ የሚጫወቱበት ነበር።

አረንጓዴውን እንደ ትርፍ መሬት መቁጠር

ሜዳው፣ የወንዙ ዳርቻ፣ ከብት የሚውልበት ቦታ ሁሉ ከሩቅ ላየው «ክፍት ቦታ» ይባላል። ክፍት የተባለ ቦታ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይሸነሸናል። ልጆቻችሁ የሚጫወቱበት ሜዳ ካርታው ላይ በአገልግሎቱ ተጽፎ እንዲገባ አድርጉ።

ወሬ ሰምቶ መትከል

«መንገድ ሊያልፍ ነው» ሲባል ደላላው ይመጣል፤ ቆርቆሮውም፣ ችግኙም ይከተላል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የንብረት ካሳ የሚታሰበው በላዩ ላለው ነገር ነው፤ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሌሊት ይተክላል። ነገር ግን የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ለተተከለና ለተሠራ ካሳ የለም። የማውቀው አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ጓሮውን በባሕር ዛፍ ችግኝ ሞላው፤ በችግኝና በችግኝ መካከል እግር እንኳ አያስገባም። ኋላ መንገዱ በሌላ በኩል አለፈ። ጎመን የሚያበቅለው ጓሮ ጫካ ሆኖ ቀረ፤ ፍየሎቹም ቀምሰው ተዉት።