የኮንደንሰር ማይኩ እዝዝታ በምን ጠፋ
ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ለድምፅና ለክራር ልሞክር ብዬ ስቀዳ ከሥር «እዝዝ» የሚል ድምፅ አልጠፋ አለ። ክራር ላይ ይብሳል፤ የክሩ ድምፅ እየከሰመ ሲሄድ እዝዝታው ብቻውን ይቀራል።

መጀመሪያ የማይኩን ገመድ (ኤክስኤልአር) ቀየርኩ። ለውጥ የለም። በገመዱ በኩል ማይኩን የሚያሠራው 48 ቮልት ኃይልም (ፋንተም ፓወር) ደህና ነው። ጌይን (የማይኩን ድምፅ የማጉያ መጠን) ስቀንስ ዘፈኑም አብሮ ወረደ። ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ያለው ኖይዝ ሪዳክሽን (የጫጫታ መቀነሻ) እዝዝታውን ቢያሳሳውም የክራሩን ለዛ ይዞት ሄደ። ይህን መንገድ አልመክርም።

ፍንጩ የተገኘው የማይኩን ብረት በእጄ ስይዝ ነው። እዝዝታው ቀነሰ! ይህ ብዙ ጊዜ የኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር) ችግር ምልክት ነው። የምቀዳበትን ላፕቶፕ ቻርጀር ነቀልኩ፤ ወዲያው ጸጥ አለ።

አሁን በባትሪ ነው የምቀዳው። ረጅም ቀረጻ ካላችሁ ቻርጀሩን ኧርዝ ካለው ሶኬት ሰኩት። ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ አትመኑት፤ የኧርዝ መስመሩ መኖሩን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ማይኩን በደንብ የሰማሁት። ለድምፅ ከአፍ 20 ሳንቲሜትር ያህል፣ ከፖፕ ፊልተር (የትንፋሽ መከላከያ) ጋር፣ ሞቅ ያለ ነው። ለክራር 30 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ከገበቴው መሃል ትንሽ ወደ ጎን ሲዞር ክሮቹ ጥርት ይላሉ። ለዋጋው በጣም ጥሩ ማይክ ነው።